ፌሪቲኗ ኖርማል፣ ትራንስፈሪን ሪሴፕተሯ ከፍ ያለ፦ እናቴ ብረት አንሷታል ወይስ አላነሳትም?

የአዘዞ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። እዚህ ላብራቶሪም ፋርማሲም የምትሠሩ ስላላችሁ ነው የምጽፈው። እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመም ካደረባት ብዙ ዓመቷ ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው የተባለችው። ከክረምቱ ወዲህ ግን ድካም በረታባት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውን ዳገት መሀል ላይ ሳታርፍ አትወጣትም። ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ 9.6 ሆነ፣ ፌሪቲን 62፣ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት መለኪያም ከፍ ያለ። አንዱ ሐኪም «ፌሪቲኗ ኖርማል ነው፣ ብረት አላነሳትም፣ የደም ማነሱ ከሕመሟ የመጣ ነው» አለን። ሌላዋ ሐኪም ግን አልተዋጠላትም። ሶሉብል ትራንስፈሪን ሪሴፕተር የሚባል ምርመራ አዘዘች፣ ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ፣ ውጤቱ ከፍ ብሎ መጣ። ቀጠሯችን ገና ሳምንት ይቀረዋል።
ይኼ ሪሴፕተር ምንድን ነው? አንዱ ወረቀት ደህና ናት እያለ ሌላው አይደለችም ሲል የትኛውን ልመን? የብረት ክኒን እስከዚያ ልጀምርላት?

አራዳ ሱቅ፦
እግዜር ይማርልሽ። እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ጤፍ ብረት ሞልቶታል እየተባለ፣ ጠዋት ማታ እንጀራ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል? ቀይ ሥር ጨምቀሽ ስጪያት፣ ለኛ ቤት ረድቷል።

ላብ ሰው፦
እህቴ እግዚአብሔር ይማራት። ክኒኑን ለሐኪሟ ተይው፣ እኔ ወረቀቱን ላስረዳሽ።
ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም። የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ፌሪቲን ብረት የሚከማችበት ፕሮቲን ነው። ዝቅ ካለ ነገሩ ያለቀ ነው፣ ክምችቱ ተሟጧል። ችግሩ ፌሪቲን ሰውነት ሲቆጣም ከፍ ይላል። ኢንፌክሽን፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የጉበት ሕመም፣ ሁሉም ያስነሱታል። ስለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች ናቸው) ባወጣው መመሪያ ለጤነኛ አዋቂ መቁረጫውን 15 አድርጎ፣ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ላለበት ግን ወደ 70 ያነሳው። የእናትሽ 62 ነው፣ ሲአርፒዋም ከፍ ብሏል። በጤነኛ ሰው ላይ 62 አያሳስብም። በእሷ ላይ ያሳስባል። ሁለተኛዋ ሐኪም አልዋጥልህ ያላት ይኼ ይመስለኛል፣ እውነቷን ነው።
አሁን ወደ ሪሴፕተሩ። ብረት በደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም፣ ብቻውን ቢለቀቅ ሴል ይጎዳል። ጉበት የሚሠራው ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ሁለት ሁለት እየያዘ ያዞረዋል። ብረት የፈለገ ሴል ደግሞ ይህን ትራንስፈሪን የሚይዝበት ፕሮቲን በቆዳው ላይ ያወጣል። ትራንስፈሪን ሪሴፕተር እሱ ነው፤ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ሲዲ71 ተብሎም ይጻፋል። ብረት ያነሰው ሴል ብዙ ያወጣል፣ የጠገበ ሴል ይቀንሳል። ከላዩ ላይ ያለው ክፍል እየተቆረጠ ወደ ደም ይገባል፣ አዲስ አበባ የለኩላችሁ ያንን ቁራጭ ነው። አብዛኛው የሚመጣው መቅኔ ውስጥ ቀይ የደም ሴል ለመሆን በመንገድ ላይ ካሉት ሴሎች ነው። በአጭሩ ፌሪቲን ጎተራውን ይነግርሻል፣ ይኼኛው ደግሞ መቅኔው ረሃብተኛ መሆን አለመሆኑን። ብግነት ደግሞ እንደ ፌሪቲን አያስነሳውም።

ባዮኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት፦
ጋሼ ይቅርታ፣ ክሩን ላቋርጥ። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ትራንስፈሪን ብረቱን አጥብቆ ከያዘው ሴል ውስጥ ሲገባ እንዴት ይለቀዋል? ሁለተኛ፣ ሴሉ ብረት እንዳነሰው በምን ያውቃል? ክፍል ውስጥ ተነግሮናል፣ ግን በስላይድ ነው ያለፍነው።

ላብ ሰው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ በዚህ ነገር ሳላደንቅ አላልፍም። ሚስጥሩ አሲድ ነው።
ደም ፒኤቹ 7.4 ነው፤ ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል። በዚህ ፒኤች ብረት የጫነ ትራንስፈሪን ከሪሴፕተሩ ጋር አጥብቆ ይያያዛል፣ ባዶው ግን አይያያዝም። ከተያያዙ በኋላ የሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ሁለቱን ይዞ ኢንዶሶም የምትባል ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ሴሉ ፕሮቶን እየገፋ ከረጢቷን ወደ 5.5 ገደማ ያወርዳታል። ብረቱ እዚያ ይላቀቃል። ስቲፕ3 የሚባለው ኢንዛይም ፌሪክ ከሚባለው የብረት መልክ ፌረስ ወደሚባለው ይለውጠዋል፣ ዲኤምቲ1 ደግሞ ከከረጢቷ አውጥቶ ለሴሉ ይሰጣል። ትራንስፈሪኑ ባዶ ሆኖም በአሲዱ ውስጥ ሪሴፕተሩን አይለቅም። ለዚህ ነው ከብረቱ ጋር የማይፈጨው። ከረጢቷ ተመልሳ ወደ ላይ ስትወጣና ደሙን ስትነካ፣ 7.4 ላይ፣ ያኔ ይላቀቃል። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን የምንይዛትን ቢጫ ጀሪካን አስባት፦ ውሃው ይገለበጣል፣ ጀሪካኗ ግን ለሚቀጥለው ቅጂ ትመለሳለች። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።
ሁለተኛው። ሴል ውስጥ አይአርፒ1 እና አይአርፒ2 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ብረት ሲያንስ የሪሴፕተሩን ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበትን ትእዛዝ የያዘ ቅጂ) ጭራ ይይዛሉ፣ እንዳይበላሽም ይጠብቁታል። ስለዚህ ሪሴፕተር ይበዛል። በዚያው ሰዓት የፌሪቲኑን ኤምአርኤንኤ ራስ ላይ ተቀምጠው እንዳይሠራ ያደርጉታል። ማከማቻ ይቀንሳል፣ መቀበያ ይጨምራል። አንድ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ይሠራል። ብረት ሲበዛ ሁሉም ይገለበጣል።

ባዮኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እና ትራንስፈሪን ሪሴፕተር 2 የሚባለውስ?

ላብ ሰው፦
ሌላ ጂን ነው። በ1999 ነው የታወቀው፣ በዋናነት ጉበት ላይ ይገኛል። ትራንስፈሪንን የሚይዘው በጣም በላላ ሁኔታ ነው፣ ሥራውም ብረት ማስገባት ሳይሆን ደም ውስጥ ስንት ብረት እንዳለ አይቶ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባለውን የብረት ተቆጣጣሪ ሆርሞን እንዲሠራ ማሳወቅ ነው። ሲበላሽ ሄፕሲዲን ያንሳል፣ ብረት ያለ ልክ ከአንጀት ይገባል፣ ሄሞክሮማቶሲስ የሚባለው የብረት መከማቸት ሕመም ይመጣል። ለፈተና ይበቃሃል።
ሄፕሲዲን ካልኩ ግን ለእህታችን የሚጠቅመውን ልጨርስ። የአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ። መቅኔው በቀን ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ይፈልጋል፣ ከምግብ የሚገባው ግን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። የቀረው ከየት ይመጣል? ያረጁ ቀይ ሴሎችን ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች እየፈጩ ብረቱን መልሰው ይለቃሉ። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ሄፕሲዲን ያበዛል፣ ሄፕሲዲን ደግሞ ፌሮፖርቲን የተባለውን የብረት መውጫ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ብረቱ ማክሮፋጅ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፣ ከአንጀትም አይገባም። የመጀመሪያው ሐኪም ያለው ይህን ነው፣ ውሸት አልተናገረም። በንጹሕ የብግነት ደም ማነስ ግን ብዙ ጊዜ ሪሴፕተሩ ከፍ አይልም። ከፍ ካለ ሁለቱ አብረው እንዳሉ መጠርጠር አለበት፦ ብግነትም፣ የብረት እጥረትም።
አንድ ማስጠንቀቂያ። መቅኔው በጣም ሲሠራም ሪሴፕተሩ ከፍ ይላል፤ ቀይ ሴል ሲፈርስ፣ ከወባ በኋላ። ቁጥሩም እንደ መመርመሪያ ኪቱ ይለያያል። የአንዱን ላብራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር አታወዳድሪ፣ በወረቀቱ ላይ ካለው መደበኛ ወሰን ጋር ብቻ አነጻጽሪ።

ቆላ ድባ አዋላጅ፦
ላብ ሰው ወባን ካነሳህ ዘንድ እኔም ልናገር። የምሠራው ደንቢያ በኩል ነው፣ ወባ ከእርግዝና ጋር ሁሌ አብሮን ነው። ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ያለውን ክኒን እንሰጣለን፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን ቫይቫክስ ከሚባለው የወባ ዓይነት የተነሱ ሴቶች ደማቸው ወርዶ ሲመጡ ብረቱን ወዲያው ብጨምር ወባውን አበላዋለሁ ወይ የሚል ፍርሃት ሁሌ አለኝ። እናቶችም ይጠይቁኛል፣ ሰምተውታል።

ላብ ሰው፦
እታለም፣ ይኼ ጥያቄ ከርዕሱ መሀል ነው። ቫይቫክስ ወደ ሴል የሚገባው በዚሁ ሪሴፕተር እየተጠቀመ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ጥገኛው ፒቪአርቢፒ2ቢ በተባለ ፕሮቲኑ ትራንስፈሪን ሪሴፕተር 1ን እንደሚይዝ አሳይቷል። ቫይቫክስ ለምን ጎልማሳውን ትቶ ገና ከመቅኔ የወጣውን ሬቲኩሎሳይት ብቻ እንደሚመርጥ ከዚህ ይገባል። ቀይ ሴል ሲበስል ሪሴፕተሩን አራግፎ ይጥለዋል፣ ሄሞግሎቢኑን ሠርቶ ስለጨረሰ ብረት አያስፈልገውም። ሌላው የወባ ዓይነት ፋልሲፓረም ግን ሪሴፕተሩ ቢኖርም ባይኖርም ይገባል፣ ለዚህ ነው ፓራሳይቱ በጣም የሚበዛው።
ብረቱን በተመለከተ ፍርሃትሽ ከሜዳ አልተነሳም። በዛንዚባሯ ፔምባ ደሴት ተሠርቶ በ2006 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ወባ በሞላበት አካባቢ ለሁሉም ሕፃናት ያለ ምርመራ ብረትና ፎሊክ አሲድ ሲሰጥ ሆስፒታል መግባትና ሞት ጨመረ። ያ ግን በሕፃናት ላይ ነው፣ መልእክቱም ብረት አትስጡ ሳይሆን ወባውን እየተከላከላችሁና እያከማችሁ ስጡ ነው። በዚያ ላይ ትኩሳቱ እያለ ሄፕሲዲን ከፍ ስለሚል የዋጠችው ብረት ብዙም አይገባም። መጀመሪያ ወባውን ማከም፣ ከዚያ ብረቱ። ለነፍሰ ጡር የተቀመጠው ፕሮግራም እንዳለ ይቀጥላል።

ቆላ ድባ አዋላጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ነገ ለባልደረቦቼም እነግራለሁ። ሬቲኩሎሳይቱን እስከ ዛሬ እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር።

አራዳ ሱቅ፦
የኔ ጥያቄ ቀረ እኮ። ጤፉስ?

ቆላ ድባ አዋላጅ፦
ጋሼ፣ የጤፉን እኔ ልመልስ፣ በየቀኑ የምንነጋገርበት ነው። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ የአፈር ነው፤ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ የሚቀላቀለው። የራሱም ብረት ቢሆን ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር ታስሮ ነው ያለው፣ አንጀት በቀላሉ አያገኘውም። እርሾው ጥሩ አድርጎ ሲያቦካው ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። ትልቁ ጉዳይ ቡናና ሻይ ነው። ምሳ እንደበላን ጀበናው ይቀርባል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ፖሊፊኖል የተክሉን ብረት አስሮ ይይዘዋል። ቡናውን ማንም አይከልክላት፣ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ራቅ ይበል ብቻ። ስንግ ቃሪያና ሎሚ ከምስሩ ጋር ይቅረብላት፣ ቫይታሚን ሲ ያግዛል። በጾም ወራት ሥጋ ስለሌለ ይኼ ሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለው። ቀይ ሥር ይጠጣ፣ አይጎዳም፣ ግን ብረቱ ትንሽ ነው። 9.6 ላይ ያለን ሰው ቀይ ሥር አያነሳም።

ፒያሳ ፋርማሲ፦
ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፣ ደስ ይላል። ከመድኃኒቱ ወገን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼ ሪሴፕተር አሁን የመድኃኒት መንገድ ሆኗልና።
አንጎል ውስጥ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች ግድግዳቸው እጅግ የተጣበቀ ነው፣ ትልልቅ ሞለኪውሎች አያልፉም። ግን አንጎልም ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ እነዚያ ሥሮች ላይ ትራንስፈሪን ሪሴፕተር በብዛት አለ፣ ይኼ በፈረንጆች ከ1984 ጀምሮ ይታወቃል። ተመራማሪዎች «ብረት የሚያልፍበት ከሆነ መድኃኒትስ ከኋላው ተንጠልጥሎ ለምን አያልፍም?» አሉ። በ1991 ሪሴፕተሩን በሚይዝ አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ላይ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት አያይዘው አይጥ አንጎል ውስጥ አስገቡ።
ከዚያ ግን ብዙ ዓመት ፈቅ አላለም። ምክንያቱን ሳውቀው በጣም ነው የገረመኝ። ሰው ሁሉ አንቲቦዲው ሪሴፕተሩን አጥብቆ ቢይዝ ይሻላል ብሎ ነበር። አጥብቆ ሲይዝ ግን ወዲያ ማዶ አይለቅም፣ ሴሉም ሪሴፕተሩን ጭምር ወስዶ ይፈጨዋል። በ2011 ጄኔንቴክ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሰዎች አያያዙን ሆን ብለው ሲያላሉት አይጦቹ አንጎል ውስጥ የበለጠ ገባ። ላብ ሰው ከላይ የጻፈውን አስታውሱ፤ ትራንስፈሪን ራሱ ጥቅሙ በጊዜው መልቀቁ ነው።
ፍሬውም ታይቷል። ሀንተር ሲንድሮም የሚባል ከልጅነት የሚጀምር በዘር የሚመጣ ሕመም አለ፣ አንድ ኢንዛይም ይጎድላል፣ አንጎልንም ይጎዳል። ኢንዛይሙ በደም ሲሰጥ አንጎል አይደርስም ነበር። ጃፓን በ2021 ፓቢናፉስፕ አልፋን ፈቀደች፣ ኢንዛይሙን ከሪሴፕተሩ አንቲቦዲ ጋር ያገናኘ ነው። ሮሽ የተባለው ኩባንያም ትሮንቲኔማብ የሚባለውን መድኃኒት በዚሁ መንገድ ለአልዛይመር እየሞከረ ነው። ካንሰር ላይም ይሞከራል፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ሪሴፕተሩን ስለሚያበዛ።
እዚህ ጋ ግን ሁሌ የምለው አለ። ሪሴፕተሩ የመቅኔው ነው። አንጎል ይድናል ተብሎ የተላከ መድኃኒት መንገድ ላይ ወጣት ቀይ ሴሎችን ያገኛል። በአይጥ ሲሞከር አንቲቦዲው በሽታ ተከላካይ ሴሎችን የሚጠራበት ክፍል ካልተነካ ሬቲኩሎሳይቶች ድምጥማጣቸው ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያንን ክፍል ያሰናክሉታል፣ እንደዚያም ሆኖ የደም ማነስ በሕክምና ሙከራዎች ላይ በዓይነ ቁራኛ የሚታይ ጉዳት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት አንድ ቀን እኛ አገር ሲገባ ሕመምተኞቻችን ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም ብረት ያነሳቸው ናቸው። ከወዲሁ የሚያስብበት ሰው ያስፈልጋል። ባዮኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት፣ አንተን ነው።

ባዮኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት፦
እሺ ጋሼ፣ ከልቤ ነው የምለው፣ የሴሚናር ርዕሴን ቀይሬያለሁ።

ፒያሳ ፋርማሲ፦
ጎበዝ። አሁን ወደ አዘዞዋ እህቴ። ማንም ያልጠየቀሽን ልጠይቅሽ። መቅኔዋ ብረት አጥቷል ካልን፣ ብረቱ የት ሄደ? እናትሽ የወር አበባዋ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው? ለመገጣጠሚያዋ ምን ምን ትወስዳለች? ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አለበት?

የአዘዞ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ፣ እያነበብኩ ነው ያለቀስኩት። የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ዓመት ነው። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ትወስዳለች፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። ዲክሎፌናክ ግን አዎ፣ ቁርጥማቱ ሲነሳባት ራሷ ገዝታ ትውጣለች። ቀደም ብሎ አልፎ አልፎ ነበር፣ አሁን በየቀኑ ሳይሆን አይቀርም። ለሐኪሞቹ አልነገረችም፣ ማስታገሻን እንደ መድኃኒት አትቆጥረውም። ልቧ አካባቢ ያቃጥለኛል ትላለች፣ እኛ በበርበሬው ነው ብለን ነበር።

ፒያሳ ፋርማሲ፦
እንግዲህ እሱን ነው የፈራሁት። ዲክሎፌናክ ሲቆይ ጨጓራን ያቆስላል፣ ቁስሉ በቀን ትንሽ ትንሽ ቢደማ ማንም ሳያየው ብረቱን ያሟጥጠዋል። ነው ማለቴ አይደለም፣ መታየት አለበት ነው። የወር አበባዋ ያቆመ ሴት ብረት ካነሳት ክኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም፣ ጨጓራና አንጀቷ መታየት አለበት፣ ሌላ የከፋ ነገርም ከዚያ ሊደማ ይችላልና። ሳምንቱን አትጠብቂ። ነገ ለሐኪሟ ደውይና ዲክሎፌናኩን ንገሪያት፣ ምናልባት ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) ታዝዝላታለች። ዲክሎፌናኩን ታቁም። ሜቶትሬክሴቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ እሱን ሐኪሟ ነች የምትወስነው። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ከወጣ፣ ራሷን ካዞራት ወይም ደም ካስመለሳት ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ላብ ሰው፦
በዚህ ላይ እኔ አልጨምርም፣ ትክክል ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት፣ ወዲያው አስመጣችን። ኢንዶስኮፒው ለሐሙስ ተቀጠረ። የብረት ክኒን ጻፈችላት፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ብላ። ለምን በየቀኑ እንዳልሆነ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ለጨጓራዋም ኦሜፕራዞል ሰጥታታለች።

ላብ ሰው፦
አንድ ክኒን ሲዋጥ ሄፕሲዲን ለ24 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ በማግስቱ የሚዋጠው በደንብ አይገባም። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2017 ብረት ያነሳቸው ሴቶች ላይ ሲያዩት፣ በየሁለት ቀኑ የወሰዱት ከዋጡት ብረት የበለጠ ድርሻ ገባላቸው። ጨጓራንም ያሳርፋል።

ፒያሳ ፋርማሲ፦
ሦስት ነገር ልብ በይ። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ብረቱ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፣ በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ተስፋ አትቁረጡ። በክኒን አልነሳ ካለ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፣ ብግነት ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል፣ ሐኪሟን ጠይቂያት። ሦስተኛው፣ የብረት ክኒን ራሱ ሰገራ ያጠቁራል። ያ ጥቁረት ደረቅ ያለ ነው፤ የደሙ ግን እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ሽታው የሚከረፋ ነው። ካልለየልሽ ደውይላት። ኢንዶስኮፒው ሐሙስ ከሆነ ክኒኑን ከዚያ በፊት ትጀምር ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ አንዳንዱ ሐኪም ጨጓራው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ እስከዚያ ያስቆማል።

የአዘዞ ልጅ፦
አሁኑኑ ቴክስት አደረግሁላት። «ከሐሙስ በኋላ ትጀምር» ብላለች።